«ተባባሰ» የማይነግረን ነገር

የአማርኛ ዜና የሚከታተል ሰው አንድ ግስ ሳይሰማ አይውልም፤ «ተባባሰ»። ግጭቱ ተባባሰ። ድርቁ ተባባሰ። የኑሮ ውድነቱ ተባባሰ። ስደት፣ የደን ምንጠራ፣ ኮሌራ፣ ሙስና፣ የትራፊክ አደጋ ሁሉም ተባባሰ። ሬሳ የሚቆጠርበት ጉዳይና የስኳር ዋጋ በአንድ ግስ ይነገራሉ። ግሱ ራሱ ጥፋት የለበትም። የአገሩን ሸክም ሁሉ በአንድ አህያ ላይ የጫንነው እኛ ነን።

እኔ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ጽሑፍ ብቻውን የቤት ኪራይ ስለማይከፍል የትርጉምና የእርማት ሥራም እሠራለሁ፤ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ የጥናት ማጠቃለያ፣ መግለጫ። በእርማት ሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። እንግሊዝኛው ገጽ ላይ ስድስት የተለያዩ ቃላት ይኖራሉ፤ አማርኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ስድስቱም «ተባባሰ» ሆነው ይገኛሉ። ያሠራው ድርጅት አይጠይቅም፣ አንባቢውም ለምዶታል። ግን መንገድ ላይ የቀረው የቋንቋ ጌጥ አይደለም፤ መረጃ ነው። ነገሩ በምን ፍጥነት እየከፋ እንደሆነ፣ ማን እንዳከፋው፣ ተመልሶ ይቃና እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ነው የቀረው።

እስቲ የእንግሊዝኛዎቹን ቃላት አንድ በአንድ እንያቸው። «ወርሰን» ተራው «ባሰ» ነው፤ ምንም አይጨምርም። «ዲቴሪዮሬት» «የባሰ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ አንድ ነገር ጥራቱ ወይም አቅሙ ከውስጡ እየወረደ ሲሄድ የሚባል ነው፤ ሂደቱ ይታያል፣ አድራጊው አይታይም። «ዲክላይን» ወደ ታች ማዘንበል ነው፤ ዝግ ያለ፣ ብዙ ጊዜም በቁጥር የሚለካ። «ዲግሬድ» ከደረጃ መውረድ ነው፤ መሬትም ደንም ሰውም ይወርዳል፣ አውራጅ ግን አለው። «ኢሮድ» በጥርስ መጋጥ ከሚል የመጣ ነው፤ አይጥ እንደሚግጠው በትንሽ በትንሹ። «አግራቬት» ማክበድ ነው። «ኤግዛሰርቤት» ማምረር ነው፤ መጀመሪያም ደህና ያልነበረውን ነገር። «ኮላፕስ» ተያይዞ መውደቅ፣ «ሪላፕስ» ደግሞ ከተነሡ በኋላ ተመልሶ መንሸራተት ነው።

ይህን ያየ ሰው «እንግሊዝኛ ሀብታም ነው፣ አማርኛ ደሃ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እንዲህ የሚል ብዙ የተማረ ሰው ገጥሞኛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብረት ይዝጋል፣ እህል ይነቅዛል፣ እንጀራ ይሻግታል፣ እንጨት ይበሰብሳል፣ ልብስ ይነትባል፣ ገመድ ይላላል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ሰብል ይጨነግፋል፣ አበባ ይጠወልጋል፣ ከብት ይከሳል፣ አተላ ይዘቅጣል፣ ሽማግሌ ይጃጃል። የእንግሊዝኛው «አግራቬት» ክብደት በእኛም «ሕመሙ ከበደ»፣ «ነገር አታክብድ» ላይ አለ። የ«ኤግዛሰርቤት» ምሬት «ኑሮ መረረኝ» ላይ አለ። «ሪላፕስ» የሚባለውንማ «አገረሸ» ብለን በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። በቅማል የሚተላለፈውን፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚይዘውን ትኩሳት እናቶቻችን «ግርሻ» ያሉት የሕክምና መጽሐፍ አንብበው አይደለም። «ሙስና» እንኳ መጥፋትንና መበስበስን ከሚናገረው «ማሰነ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ እንግሊዞች ለዚሁ ጥፋት የሚጠቀሙበት ቃል መጀመሪያ ትርጉሙ መበላሸት እንደነበረው ሁሉ።

«ተባባሰ» ራሱ በትክክል ቢያዝ ስለታም ቃል ነበር። «ተሻለ» ብሎ «ተሻሻለ» እንደሚለው፣ «ባሰ» ብሎ «ተባባሰ» ይላል። ቅርጹ የመደራረብና የመመላለስ ነው። ሕመም ብድር ያመጣል፣ ብድር በሬ ያሸጣል፣ በሬ የሌለው ሰው ማሳው ጦም ያድራል፣ ጦም ያደረ ማሳ ረሃብ ያመጣል፣ ረሃብ ሕመሙን ያብሳል። ይህ ነው መባባስ፤ አንዱ ችግር ሌላውን ሲያብስ። በየዜናው ስለበተንነው ዛሬ ይህን ለማለት ስንፈልግ ቃል ያጥረናል።

* * *

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የመሰለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባቴ እህት ታማ አንድ ሪፈራል ሆስፒታል ገብታ ነበር። አክስቴ በወንጪ በኩል ያለች ገበሬ ናት። ባሏም፣ አብረዋቸው የመጡት ዘመዶችም ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ እንግሊዝኛ ግን ከሬዲዮ ማስታወቂያ ያለፈ አያውቁም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኘንና «ኮንዲሽናቸው ዲቴሪዮሬት እያደረገ ነው» ብሎን ወደሚቀጥለው ክፍል ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ፣ ዓይኑ የቀላ ልጅ ነው።

የአክስቴ ባል ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«ጸንቶባታል አለ» አልኳቸው።

አልበቃቸውም። «ልጄ፣ ጸንቶባታል ካለ እንጠብቃለን፣ እንጸልያለን። እያጣጣረች ነው ካለ ደግሞ ልጆቿን እጠራለሁ። የትኛውን ነው ያለው?»

ሽማግሌው የጠየቁት ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባውን ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የበሽተኛን መንገድ በየደረጃው ይከፋፍለዋል፤ ታመመ፣ አልጋ ያዘ፣ ጸናበት፣ ባሰበት፣ አጣጣረ። እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። አንዱ ጠበል ይልካል፣ አንዱ ላም ያሸጣል፣ አንዱ ዘመድ ያስጠራል። የሐኪሙ ቃል ግን ከዚህ መሰላል ላይ የቱም እርከን ላይ አልነበረም። «ዲቴሪዮሬት» ለሌላ ሐኪም ሲነገር ብዙ ይናገራል፤ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ፣ የሽንት መጠን እየወረደ መሆኑን። ለቤተሰብ ሲነገር ግን የተቆለፈ ሳጥን ነው።

ሐኪሙን ተከትዬ ገባሁና እንግሊዝኛውን ትቼ ሽማግሌው በጠየቁኝ መንገድ ጠየቅሁት። ቆም አለ። «ልጆች ካሏቸው ዛሬ ይምጡ» አለኝ በንጹሕ አማርኛ። ይኸው ነው። አንዱ ልጇ ከጅማ ሌሊቱን ተጉዞ ሊነጋጋ ሲል ደረሰ፤ አወቀችው፣ በስሙም ጠራችው። በማግስቱ ማታ አረፈች። ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ ልጁ የሚደርሰው ለቀብር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሆስፒታሉ ደጅ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። የባሰው ቃል «ስቴብል» ነው። ሐኪም «ስቴብል ናቸው» ሲል ለጊዜው አይወርድም አይወጣም ማለቱ ነው፤ በጣም ክፉ ደረጃ ላይ ሆኖም ስቴብል መሆን ይቻላል። አስታማሚው ግን «ደህና ናቸው» ብሎ ይሰማና ለዘመድ «አትምጡ፣ ተሽሏታል» ብሎ ይደውላል።

አንድ ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። እንግሊዝኛው በሽተኛዋን ያያል፤ እሷ ወረደች ይላል። የእኛ ቃል በሽታውን ያያል፤ እሱ ጸናባት ይላል። በእኛ አነጋገር አክስቴ አልተበላሸችም። ጠላቷ በረታ እንጂ። እኔ ለሰው ልጅ የሚስማማው ይኼኛው ይመስለኛል።

* * *

ወንጪን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለመክፋት ካሉን አባባሎች ሁሉ ትልቁን የሚያስረዳ ቦታ እሱ ነው። ወንጪ ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ከወሊሶ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር የሚበልጥ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ሐይቁ ከጉድጓዱ ሥር ተኝቷል፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በ2012 መጨረሻ ይፋ በሆነው የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዛሬ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። ቢሆንም በክረምት ወደ ሐይቁ በእግሩ የወረደ ሰው «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን አባባል በጫማው ይረዳዋል።

ድጥ የሚያንሸራትት ጭቃ ነው። ትወድቃለህ፣ ልብስህ ይቆሽሻል፣ ሰው ይስቅብሃል፣ ትነሣለህ። ማጥ የሚውጥ ረግረግ ነው። እዚያ የገባ ከብት በራሱ ጉልበት አይወጣም፤ በታገለ ቁጥር ይሰምጣል፤ ገመድና ሰው ይፈልጋል። ልዩነቱ የመጠን አይደለም፤ የዓይነት ነው። በድጥ ላይ ያለን ሰው «በርታ» ብትለው ይጠቅመዋል። ማጥ ውስጥ ያለን ሰው «በርታ» ማለት ማላገጥ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ከመጥፎ ወደ የባሰ ሄደ ይላል። የእኛ አባባል ግን «ራሱ ይወጣል ወይስ ሰው ያውጣው?» የሚለውን ጥያቄ ውስጡ ይዟል። ይህን የያዘ ሕዝብ «ተባባሰ» ብሎ መቅረት አልነበረበትም።

እዚያው ወንጪ ላይ አንድ ፈረስ አከራይ ጎልማሳ አዋራሁ። እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም። ኮሮና ነበር፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ የመንገድ ስጋት። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ቀበናኤ» አለኝ። ቀዝቅዟል ማለቱ ነው።

«ሞተ ማለት ነው?»

ሳቀብኝ። «የቀዘቀዘ ይሞቃል። የሞተ ነገር ምን ይሞቃል? ሞተ ብል ፈረሱን እሸጠው ነበር።»

ሪፖርት ጸሐፊ ቢሆን «የአካባቢው ቱሪዝም ኮላፕስ አድርጓል» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ተርጓሚው ደግሞ «ችግሩ ተባብሷል» ይለው ነበር። ፈረሱን ለመሸጥ ወይም ላለመሸጥ የሚወስነው ሰው ግን በ«ቀዘቀዘ»ና በ«ሞተ» መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ያውቀዋል።

* * *

ወደ ፖለቲካው እንምጣ። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ጊንጪ አለች። ኅዳር 2008 የተማሪዎች ተቃውሞ ከዚያች ከተማ ተነሥቶ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በኋላም የአገሪቱን መንግሥት ፊት ቀየረ። በዚያ ሰሞን የውጭ ዘገባዎች የሚወዱት ቃል «ኤስካሌት» ነበር። ይህ ቃል የተወለደው ከተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ከ«ኤስካሌተር» ስም ነው፤ ለጦርነት መዋል የጀመረው በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። ሥዕሉ የደረጃ ነው፤ አንዱ አንድ እርከን ሲወጣ ሌላው ሁለት ይወጣል። ደረጃ ስለሆነም በወጡበት መውረድ ይቻላል የሚል ተስፋ አለው።

አማርኛ ለዚህ «ከረረ» ይላል። ክር ሲገመድ፣ ገመድ ሲወጠር ይከራል። የከረረ ነገር መውረጃ እርከን የለውም፤ ወይ ይረግባል፣ ወይ ይበጠሳል። «ውጥረቱን ማርገብ» የምንለውም ለዚህ ነው። በ2008 «ሁኔታው ተባብሷል» ከማለት «ነገሩ ከርሯል» ማለት ይሻል ነበር፤ ምክንያቱም የከረረ ነገር ሁለት ጫፍ አለው፣ ሁለቱንም ጫፍ የያዘ እጅ አለ። መባባስ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ማክረር ግን የእጅ ሥራ ነው።

ረሃብ ላይ ስንደርስ የቃል ምርጫ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። ዓለም የምግብ ችግርን የሚለካበት አይፒሲ የሚባል ባለ አምስት እርከን ሥርዓት አለ፤ መጀመሪያ የተሠራው በ2004 እ.ኤ.አ. ለሶማሊያ ነው። ሦስተኛው እርከን «ክራይሲስ»፣ አራተኛው «ኢመርጀንሲ»፣ አምስተኛው «ካታስትሮፊ» ይባላል። አንድን አካባቢ በአምስተኛው እርከን «ፋሚን» ብሎ ለመሰየም ከ10,000 ሰው በቀን ቢያንስ 2 ሰው መሞት አለበት፤ ሌሎች መመዘኛዎችም አሉ። በሰኔ 2013 የወጣው የአይፒሲ ትንተና በትግራይና በአጎራባች አካባቢዎች ከ350,000 በላይ ሰዎች አምስተኛው እርከን ላይ መሆናቸውን ገለጸ፤ መንግሥት አልተቀበለውም። ክርክሩ ለብዙ ወራት «ረሃብ አለ፣ የለም» በሚል ቃል ላይ ሆነ። ቃሉ ሲሰየም የእርዳታው መጠን፣ የዓለም ትኩረትና የተጠያቂው ማንነት አብሮ ስለሚሰየም ነው።

በአማርኛ ዜና ግን ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እርከን «የምግብ እጥረቱ ተባብሷል» ሆኖ ቀረበ። ከሦስት ወደ አራት መሄድ ሰው በሬውን ሸጦ የሚበላበት ጊዜ ነው። ከአራት ወደ አምስት መሄድ የሚሸጥ ነገር ያለቀበት ጊዜ ነው። ሁለቱን በአንድ ግስ መናገር ትልቅ ነገር ይሸፍናል። እኛ ደግሞ «ራበኝ» የምንለውን የቀትር ረሃብና አገር ላይ የሚቀመጠውን «ችጋር» የምንለይ ሕዝብ ነን። በ1965ና በ66 የወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ባለሥልጣናቱ ነገሩን ሸፍነው ሊያልፉት ሞክረው ነበር። ሊሸፈን ያልቻለው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ረሃብን በስሙ ጠርቶ ሲያሳየው ነው። ያ ፊልም በዓመቱ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። ስም ያልሰጡት ችጋር መንግሥት ይዞ ይሄዳል።

ስለ ብርም አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛ የገንዘብን መርከስ በሁለት ይከፍለዋል። መንግሥት ቆርጦ ሲያወርደው «ዲቫሉዌሽን»፣ ገበያ ሲያወርደው «ዲፕሪሲዬሽን»። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ የወረደው በብሔራዊ ባንክ ውሳኔ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ባንኩ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ገበያውን የለቀቀው መንግሥት ነው፣ ዋጋውን ያወረደው ገበያ ነው። ሁለቱም በዜናችን «የብር የመግዛት አቅም መዳከም ተባባሰ» ተባሉ። የመጀመሪያው ላይ «ለምን ወሰናችሁ?» ብለህ የምትጠይቀው ሰው አለ። ሁለተኛው ላይ ጥያቄህ ሌላ ነው፤ «ዝግጅቱ ምን ነበር?»። «ተዳከመ» ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቱንም ጥያቄ ይዞ ይተኛል።

«ግሽበት ቀነሰ» የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ብዙ ሰው «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ ይሰማውና ገበያ ሄዶ መንግሥትን ይረግማል። ግሽበት ሲቀንስ ዋጋ መውጣቱን ይቀጥላል፤ የሚወጣበት ፍጥነት ብቻ ነው የቀነሰው። ማለትም እየከፋ ነው፣ ግን እንደ አምናው በሩጫ አይደለም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ጋዜጠኛን አያደክመውም፤ የሰውን እምነት ግን ያድናል።

* * *

የነገሩ ሁሉ ማዕከል ግን ይኸኛው ይመስለኛል፤ አድራጊው።

ከጊንጪ ወጣ ብሎ የጭሊሞ ደን አለ፤ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት፣ ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ የደጋ ደን ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነዋሪውን የደን ጠባቂና ተጠቃሚ ካደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ እዚያ ተካሂዷል። የደን ባለሙያዎች ሁለት ቃላት አሏቸው፤ «ዲፎረስቴሽን»ና «ፎረስት ዲግሬዴሽን»። የመጀመሪያው ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ወይም ቤት ሲሆን ነው። ሁለተኛው ደኑ ደን እንደተባለ ውስጡ ሲመናመን ነው። በኢትዮጵያ ትርጓሜ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት ያላቸው ዛፎች ያሉበትና ጥላው መሬቱን ቢያንስ 20 በመቶ የሚሸፍን ቦታ ደን ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ 80 በመቶ ጥላ የነበረው ደን ትልልቁ ጽድ ሌሊት ሌሊት እየተመረጠ ወጥቶ 25 በመቶ ቢቀረው፣ በወረቀት ላይ አሁንም ደን ነው። አንድም ሄክታር አልጠፋም ይባላል። «መመንጠር»ንና «መመናመን»ን የማይለይ ዘገባ ይህን ሌባ አይይዘውም።

አማርኛ ደግሞ ሌባውን የሚይዝ ፊደል አለው። «ተ» አድራጊውን ይደብቃል፤ «አ» ያወጣዋል። ተባባሰ፣ አባባሰ። ተራቆተ፣ አራቆተ። ተመናመነ፣ አመናመነ። ከረረ፣ አከረረ። መግለጫ ሁሉ አድራጊውን የሚደብቅ ግስ የሚወደው ለዚህ ነው፤ «ችግሩ ተከሰተ»፣ «ሕይወት ጠፋ»፣ «ንብረት ወደመ»። ማን? አይታወቅም። ግሱ በር ዘግቷል።

የወንጪ ገበሬ ግን እንዲህ አይናገርም። ጓሮው እንሰት ነው፤ እንሰቱ ላይ የሚመጣ አንድ ክፉ በሽታ አለ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ከዚያ ሁሉም፣ ከዚያ ተክሉ ይሞታል። በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ አምጪው ባክቴሪያ ሲሆን ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋናው ያልጸዳ ቢላ ነው። በአማርኛ ስሙ «አጠውልግ» ነው። ልብ በሉ፤ «ጠውላጋ» አይደለም፣ «መጠውለግ» አይደለም። አጠውልግ፤ የሚያጠወልገው። ስሙ ወደ ተክሉ አይጠቁምም፣ ወደ አድራጊው ይጠቁማል። ስሙን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በምን ይተላለፋል?» ነው፤ ቀጥሎ ቢላውን በእሳት ይለበልባል። «የእንሰት ሁኔታ ተባብሷል» የሰማ ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ከንፈሩን ይመጥጣል።

እዚህ ላይ «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» የሚሉ ይኖራሉ። አባባሉን አከብረዋለሁ። በየዓረብ አገሩና በየባሕሩ ያለቁትን ልጆች ለሚያስብ ሰው ጥበብ አለው። ግን ለስደተኛ የተነገረው ምክር ለዜጋ መልስ ሆኗል። መብራት ጠፋ ሲባል የባሰ አለ፤ መንገድ ተዘጋ ሲባል የባሰ አለ። የባሰ ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ ይህ መልስ የማይመልሰው ጥያቄ የለም ማለት ነው፤ ሁሉን የሚመልስ መልስ ደግሞ ምንም አይመልስም። በ«ተባባሰ»ና በ«የባሰ አለ» መካከል የተቀመጠ ሕዝብ የት እንዳለ አያውቅም፤ ትናንት ከዛሬ መራቁን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «ተባባሰ» የሚል ዜና ስታነቡ አራት ነገር ጠይቁ። ከምን ተነሥቶ? በምን ፍጥነት? በማን እጅ? በራሱ ይመለሳል ወይስ ሰው ያውጣው? ጸሐፊው አንዱንም ካልመለሰ ዜና አልነገራችሁም፤ ስሜቱን ነው የነገራችሁ። ለሙያ ጓደኞቼም የምለው ይኸው ነው። አዲስ ቃል ፍጠሩ፣ የእንግሊዝኛውንም በፊደላችን ገልብጡ አልልም። እናቶቻችን ጓዳ፣ ገበሬው ማሳ ላይ፣ አስታማሚው አልጋ ሥር ያለውን ቃል ወደ ዜናው አስገቡት።

ይህ እንደሚቻል የማውቀው ከአምቦ መናኸሪያ ነው። ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ መኪና ከመሳፈሩ በፊት ሾፌሩን የሚጠይቀውን አዳምጡ። «የጸጥታው ሁኔታ ተባብሷል ወይ?» አይልም። «መንገዱ እስከ የት ክፍት ነው? ትናንት ያለፈ መኪና አለ? ስንት ሰዓት ላይ አለፈ? የሚያስቆሙት እነማን ናቸው?» ይላል። አራት ጥያቄ ነው። ሾፌሩም ይመልሳል፤ ሰውየውም ወይ ይሳፈራል፣ ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕይወቱ የተመሠረተበት ስለሆነ ልፍስፍስ ቃል አይቀበልም። እኛም ስለ አገራችን ስንጽፍና ስናነብ ከዚያ መንገደኛ ያነሰ መጠንቀቅ የለብንም።

ቸር ያሰማን።